ያልተቆጠረው አሟሚ፦ የቲ-ቱ ላቦራቶሪስ ፍንዳታ የጉዳይ ጥናት

ዲሴምበር 19 ቀን 2007 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው)፣ ረቡዕ ቀን፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ጃክሰንቪል ከተማ። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ ቲ-ቱ ላቦራቶሪስ በሚባል የኬሚካል ፋብሪካ ሪአክተሩን (ኬሚካሎች የሚዋሃዱበትን ትልቅ ጋን) የሚቆጣጠረው ሠራተኛ የማቀዝቀዣ ችግር መፈጠሩን ለባለቤቶቹ በስልክ አስነገረ፤ ቶሎ እንዲመጡም ጠየቀ። 7 ሰዓት ከ33 ላይ ሪአክተሩ ፈነዳ። አራት ሰዎች ሞቱ፣ 32 ሰዎች ተጎዱ። ከተጎዱት 28ቱ የፋብሪካው ሠራተኞች እንኳ አልነበሩም፤ በአካባቢው ባሉ ሌሎች ድርጅቶች በየሥራቸው ላይ የነበሩ ናቸው። የፍንዳታው ጉልበት ከ635 ኪሎ ያህል ቲ.ኤን.ቲ. ፈንጂ ጋር ተመጣጣኝ ሆኖ ተሰልቷል። ፍርስራሹ እስከ አንድ ማይል ድረስ ተበትኗል። ሪአክተሩ ስስ በርሜል አልነበረም፤ ግድግዳው ሦስት ኢንች ውፍረት ያለው ብረት ነበር።

የአሜሪካ የኬሚካል ደህንነት ቦርድ ጉዳዩን መርምሮ በሴፕቴምበር 2009 ሪፖርቱን አወጣ። ማቀዝቀዣ መበላሸቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ይህን ያህል ባላነጋገረ። ማቀዝቀዣ የትም ይበላሻል። እዚህ ግን ማቀዝቀዣው ሲቆም ምን እንደሚከተል ፋብሪካው ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጋኑን የሰበረው ሪአክሽን በምርት መመሪያው ላይ ጨርሶ ያልተጻፈ ነበር፤ የመጣውም ሁሉም ዝም ብሎ ይቀመጣል ብሎ ካመነው ከአሟሚው (ሌሎቹን ኬሚካሎች ከሚያሟሟው ፈሳሽ) ነው።

ድርጅቱ ትንሽ ነበር። የባለቤትነት ድርሻውን የያዙት አንድ ኬሚስትና አንድ የኬሚካል መሐንዲስ ነበሩ። በ1996 ሲጀምሩ ሥራቸው አሟሚ ፈሳሾችን መቀላቀልና መሸጥ ነበር። ከጃንዋሪ 2004 ጀምሮ ኤም.ሲ.ኤም.ቲ. የሚባል ማንጋኒዝ ያለበት ውህድ ማምረት ጀመሩ። ቤንዚን ውስጥ በጥቂቱ ሲጨመር ኦክቴኑን ከፍ ያደርጋል፤ በድሮው ጊዜ እርሳስ ይሠራው የነበረውን ሥራ ማለት ነው። የገበያ ስሙ «ኢኮቴን» ነበር። ስሙ አረንጓዴ አረንጓዴ ይሸታል፤ አመራረቱን ግን እንይ።

ምርቱ የሚወጣው 9,300 ሊትር ገደማ (2,450 ጋሎን) በሚይዝ አንድ ሪአክተር ሲሆን ሦስት እርምጃዎች እዚያው በተከታታይ ይከናወናሉ። በመጀመሪያው እርምጃ ሶዲየም ብረት ከሜቲልሳይክሎፔንታዳይን (ባጭሩ «ዳይን») ጋር ይዋሃዳል። በሁለተኛው ማንጋኒዝ ክሎራይድ ይገባል። በሦስተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ይጨመራል። አደጋው የደረሰው በመጀመሪያው ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሜቲልሳይክሎፔንታዳይን ሁለት ሁለት ሞለኪውል ተጣምሮ በሚቀመጥበት መልኩ፣ ዳይግላይም ከሚባለው አሟሚ ጋር ወደ ሪአክተሩ ይሞላል። ከዚያ ሠራተኛው የሶዲየሙን ጡቦች ከላይ ባለው ስድስት ኢንች ቫልቭ በኩል በእጁ እያስገባ ይጨምርና ቫልቩን ይዘጋል። ትኩስ ዘይት በቱቦ እየዞረ ድብልቁን ያሞቃል። 99 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ሶዲየሙ ቀልጧልና ማማሰያው ይነሳል። 149 ላይ ዘይቱ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ሪአክሽኑ ራሱ በሚያመነጨው ሙቀት መጨመሩን ይቀጥላል። 182 ላይ ማቀዝቀዣው ይከፈታል። የሚወጣው ሃይድሮጅን አንድ ኢንች ስፋት ባለው ቱቦ ወደ አየር ይለቀቃል።

አንድ ነገር ልብ ይሏል። ሶዲየሙም፣ ዳይኑም፣ አሟሚውም ገና ከመነሻው ሙሉ በሙሉ ሪአክተሩ ውስጥ ናቸው። ሪአክሽኑ አንዴ ከተነሳ የሚዘጋ ቧንቧ፣ የሚቀነስ ነገር የለም። ፍሬኑ ማቀዝቀዣው ብቻ ነው።

መርማሪዎቹ ያንኑ ድብልቅ ሙቀት በማያስወጣ የመሞከሪያ ዕቃ ውስጥ ሲያሞቁት ሁለት የሙቀት ዝላይ አዩ። አንደኛው በ177 ዲግሪ አካባቢ ይጀምራል፤ ይህ የሚፈለገው፣ ሶዲየምና ዳይን የሚዋሃዱበት ነው። ሁለተኛው በ199 ዲግሪ ይነሳል፤ ይህ ሶዲየሙ ከዳይግላይሙ ጋር የሚያደርገው ነው። ሁለተኛው ሲጋጋል ሙቀቱ በደቂቃ 1,300 ዲግሪ፣ ግፊቱ በደቂቃ 2,200 ባር በሚደርስ ፍጥነት ወጣ። በዚህ ፍጥነት ለሚሄድ ነገር የሚከፈት ቫልቭ የለም፤ የትኛውም መጠን ያለው መልቀቂያ አይደርስበትም።

እንግዲህ ማቀዝቀዣው ከሚከፈትበት 182 እስከ 199 ድረስ ያለው ልዩነት 17 ዲግሪ ነው። ሻይ ለማፍላት ውሃ ሲጣድ ልብ የማይባል ልዩነት ነው፤ በየደቂቃው እየፈጠነ በሚሄድ ሪአክሽን ውስጥ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ጊዜ ማለት ነው። ይህችን 17 ዲግሪ የሚያውቅ ሰው ሥርዓቱን ሁሉ በሌላ መንገድ ይነድፈው ነበር። ለማወቅ ደግሞ ጥቂት ግራም ናሙና ይበቃ ነበር።

ባለቤቶቹ ሙከራ አላደረጉም ማለት አይደለም። ከፋብሪካው በፊት በአንድ ሊትር የመስታወት ዕቃ 110 ሙከራ አድርገዋል፤ የሚያስደነግጥ የሙቀት ዝላይ አልታየም። ይህ ለምን ሆነ ለሚለው መልሱ ጂኦሜትሪ ነው። ከአንድ ሊትር ወደ 9,300 ሊትር ሲታደግ ሙቀት የሚያመነጨው ይዘት 9,300 እጥፍ ሲያድግ፣ ሙቀት የሚወጣበት የዕቃው ገጽ ግን 440 እጥፍ ገደማ ብቻ ያድጋል። ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው ማቀዝቀዣ ገጽ ወደ 21 ጊዜ ያንሳል። ሲኒ ቡና ቶሎ ሲበርድ የሠርግ ድስት እስከ ማግስቱ ትኩስ ሆኖ የሚያድረው በዚሁ ምክንያት ነው። ትንሹ ዕቃ ሙቀቱን በግድግዳው በኩል እያስወጣ አደጋውን ይደብቃል፤ ትልቁ ይይዘዋል። ስለዚህ አንድ ሊትር ውስጥ «ጸጥ ያለ» ሪአክሽን ስለ ትልቁ ጋን ምንም አይመሰክርም። በመሃል አነስተኛ የሙከራ ፋብሪካ ሳይኖር በቀጥታ ወደ ሙሉ መጠን ተኬደ።

ትልቁ ጋን ግን ገና ከመጀመሪያው ዙር መናገር ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ አሥር ዙሮች በሦስቱ፣ ማለትም በ1ኛው፣ በ5ኛውና በ10ኛው፣ ያልተጠበቀ ሙቀት ተነሳ። የተወሰደው እርምጃ የአሠራር ቅደም ተከተሉንና መጠኑን መለዋወጥ ነበር፤ ችግሩን ወደ ላቦራቶሪ መልሶ ምንጩን መፈለግ አልነበረም። 11ኛው ዙር ያለ ችግር ሲያልፍ ምርቱ ተሳክቷል ተባለ። እዚህ ላይ የብዙ ፋብሪካ በሽታ አለ። ያልተጠበቀ ሙቀት የጥራት ወይም የአሠራር ጉድለት ተብሎ በምርት ክፍል መዝገብ ይሰፍራል፤ የደህንነት ጉዳይ ተብሎ አይከፈትም። ሦስት ጊዜ ለጥቂት ማምለጥን ሦስት ጊዜ መማር አድርጎ መቁጠር ይቀላል።

በጁላይ 2005፣ በ42ኛው ዙር፣ የአንድ ዙር መጠን በሲሶ ገደማ እንዲጨምር ተደረገ። ሙቀት አመንጪው ሲጨምር የማቀዝቀዣው አቅም እንደነበረ ቀረ፤ ባዶ ቦታው ጠበበ፤ መልቀቂያውም እንደገና አልተሰላም። ከዚያ በኋላ ከመቶ በላይ ዙር በሰላም ተመርቷል። የፈነዳው 175ኛው ነው።

ወደ ማቀዝቀዣው እንምጣ። ሪአክተሩ ዙሪያውን በብረት ልባስ የታቀፈ ነው። ወደ ልባሱ ከከተማው የውሃ መስመር ውሃ ይገባል፣ እዚያው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ከላይ በክፍት ቱቦ ይወጣል። ርካሽ ነው፣ ውሃ ሲተን ደግሞ ብዙ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን ሁሉም ነገር አንድ አንድ ነው፦ አንድ የውሃ መስመር፣ አንድ ማስገቢያ ቫልቭ፣ አንድ ማፍሰሻ ቫልቭ። ማስገቢያው ተጣብቆ አልከፈት ቢል፣ ማፍሰሻው ተከፍቶ ቢቀር፣ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው የታመቀ አየር ቢቋረጥ፣ የሙቀት መለኪያው ቢዋሽ፣ ከእነዚህ አንዱ ብቻ ማቀዝቀዣውን ሙሉ በሙሉ ያስቆመዋል። በዚህ ላይ ውሃ ልባሱ ውስጥ በፈላ ቁጥር በማንቆርቆሪያ ግርጌ እንደምናውቀው ዓይነት ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ ቅርፊቱ ቱቦ ያጠባል፣ ሙቀት ያግዳል። ዕቃዎቹ አስቀድሞ አይታደሱም ነበር፤ ሲበላሹ ብቻ ይጠገናሉ። ከዚያ ቀደምም ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ያውቅ ነበር። ተጠባባቂ ግን አልተሠራለትም። (የቀለጠ ሶዲየም ባለበት ጋን ዙሪያ ውሃ ማዞር ራሱ የሚያስገርም ምርጫ ነው። ግድግዳው ቢሰነጠቅ የሚገናኙት ሁለቱ ናቸው። ሌላ ቦታ ለዚህ ዘይት ይጠቀማሉ።)

ይህን አንቀጽ አዲስ አበባ፣ ሞጆ ወይም ዱከም ሆኖ ለሚያነብ ሰው ቁም ነገሩ ግልጽ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ መብራት ሳያስጠነቅቅ በሚጠፋበት ቦታ ፊኖል ወይም ዩሪያን ከፎርማልዴሃይድ ጋር እያዋሃዱ ሙጫ የሚሠሩ ሪአክተሮች ከቲ-ቱ ጋር አንድ ዓይነት ጥያቄ አለባቸው። ፓምፑና ማማሰያው በአንድ ጊዜ ሲቆሙ ምን ይሆናል? ጄኔሬተሩ ለመነሳት የሚወስደው ጊዜ ከሪአክሽኑ ጋር ተወዳድሮ ያውቃል? ከጣሪያ ላይ በስበት ብቻ የሚወርድ የማቀዝቀዣ ውሃ ታንከር፣ መብራትም ፓምፕም የማይፈልግ፣ ቀላልና ውድ ያልሆነ መልስ ነው፤ ነገር ግን ስንት ሊትር መያዝ እንዳለበት ከሙቀቱ ስሌት እንጂ በግምት አይወሰንም።

ቀጥሎ የግፊት መልቀቂያው። አናቱ ላይ አራት ኢንች ቱቦ ነበር፤ አፉ ላይ ግፊት ሲያልፍ እንዲቀደድ የተሠራ ስስ የብረት ሳህን አለ። ሳህኑ እንዲቀደድ የተወሰነው በ28 ባር ገደማ (400 ፒ.ኤስ.አይ.) ነው። መጠኑ ሲመረጥ የታሰበው በመደበኛ ሥራ ላይ የሚወጣው ሃይድሮጅን ነበር፤ ከቁጥጥር የወጣ ሪአክሽን አልታሰበም። የመርማሪዎቹ ስሌት እዚህ ላይ ያስቆጫል። ያው አራት ኢንች ቱቦ፣ ሳህኑ ግን በ5 ባር ገደማ (75 ፒ.ኤስ.አይ.) የሚቀደድ ቢሆን ኖሮ፣ የመጀመሪያውን ሪአክሽን ማስታገስ ይችል ነበር። ምክንያቱም ዝቅ ባለ ግፊት ድብልቁ ቀድሞ ይፈላል፤ እንፋሎቱ ሲወጣ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ድብልቁም 199 ዲግሪ ሳይደርስ ይረጋጋል። ሳህኑ እስከ 28 ባር ሲታገሥ ግን ጋኑ እንደ ታሸገ ድስት ሙቀቱን ያጠራቅማል፤ ሳህኑ ሲቀደድ ሁለተኛው ሪአክሽን ተነስቷል። ከፍንዳታው ቀደም ብሎ በአካባቢው የነበሩ ሰዎች ከሪአክተሩ አናት የሚወጣ ጭስና እንደ ጄት ሞተር ያለ ድምፅ ማስተዋላቸውን ተናግረዋል። መልቀቂያው ሥራውን ጀምሮ ነበር ማለት ነው፤ ግን በጣም ዘግይቶ።

ሦስት እርምጃን በአንድ ጋን መሥራት የሚመሰገንበት ምክንያት አለ። ውጤቱን ከዕቃ ወደ ዕቃ ማዘዋወር፣ በየመሃሉ ማጠብ፣ አሟሚ መቀየር ይቀራል፤ ቆሻሻ ውሃና ብክነት ይቀንሳል። በአካባቢ ጥበቃ መዝገብ ላይ ይህ ጥሩ ነጥብ ነው። ዋጋው ግን አለ፦ አንድ ጋን የተለያየ ግፊት የሚፈልጉ እርምጃዎችን ሲሸከም መልቀቂያው ለከፍተኛው ይስተካከላል፣ ዝቅተኛውን ግፊት የሚፈልገው እርምጃ ጥበቃ ያጣል። ማሻሻያው ብክነትን ሲቀንስ ደህንነቱን የሚመዝን ሰው አብሮ ካልተቀመጠ፣ አንዱ ሰንጠረዥ ላይ የተገኘው ሌላኛው ላይ ይከፈላል። ዳይግላይም ለዚህ ሁለተኛ ምሳሌ ነው። ከሶዲየም ጋር ያለው ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የመራቢያ ጤናን የሚጎዳ ሆኖ በመመደቡ የአውሮፓ ኅብረት ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይሠራበት ከሚዘረዝራቸው ኬሚካሎች አንዱ ነው። «በምን እናሟሟው?» የሚለውን ጥያቄ ከመነሻው በቁም ነገር የያዘ ቡድን ሁለቱንም ሥጋት በአንድ ስብሰባ ያገኛቸው ነበር።

ታዲያ ይህን ሪአክሽን ዛሬ የሚያቅድ ሰው ከየት ይጀምር?

መጀመሪያ ልኬት። ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ናሙና ግፊት በሚችል ትንሽ ዕቃ ታሽጎ በደቂቃ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ይሞቃል፤ የሙቀት ዝላይ የት የት እንዳለ በአንድ ቀን ይታያል። ወሳኙ እስከ የት ይሞቅ የሚለው ነው። ብዙዎች መሥሪያ ሙቀቱ ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ። መቆም ያለበት ሪአክሽኑ ሙቀቱ ሁሉ ታፍኖ ቢቀር ሊደርስበት ከሚችለው ጫፍ በላይ ነው። ጫፉን ለማግኘት በኪሎ የሚወጣውን ሙቀት ለድብልቁ የሙቀት አቅም ማካፈል ነው፦ ለምሳሌ በኪሎ 400 ኪሎ ጁል የሚያመነጭና በኪሎ በዲግሪ 2 ኪሎ ጁል የሚወስድ ድብልቅ በ200 ዲግሪ ያድጋል። በ150 ዲግሪ የሚሠራ ከሆነ ጫፉ 350 ነው። በ150ና በ350 መካከል ሌላ ሪአክሽን ካለ፣ ያ ሪአክሽን የእርስዎም ነው፣ መመሪያው ላይ ቢጻፍም ባይጻፍም። አጠራጣሪ ነገር ከተገኘ ቀጣዩ ሙከራ መቶ ሚሊ ሊትር ገደማ በሚይዝ፣ ሙቀት በማያስወጣ ዕቃ የሚደረገው ነው፤ የመልቀቂያ ስሌት የሚሠራው በዚያ ቁጥር ነው። አሟሚው በእያንዳንዱ ሙከራ ውስጥ ይግባ። ሥራ ላይ ባለው የሶዲየም መጠን፣ ንጹህ ባልሆነው የንግድ ደረጃ ኬሚካል ይሞከር እንጂ በጠርሙስ በመጣው ንጹህ አይደለም።

ሁለተኛው አጨማመሩ ነው። ሶዲየሙ በአሟሚው ውስጥ ቀልጦ፣ ማማሰያው እየዞረ፣ ዳይኑ በቀስታ በፓምፕ ቢገባ ሪአክሽኑ ከፓምፑ አይቀድምም። ማቀዝቀዣ ሲቆም ፓምፑ ይቆማል፣ ጋኑ ውስጥ ያለው ያልተዋሃደ ትንሽ ብቻ ይሆናል። ይህም የራሱ ወጥመድ አለው። ሙቀቱ ዝቅ ሲል ሪአክሽኑ ይዳከምና የሚገባው ዳይን ሳይዋሃድ ይጠራቀማል፤ ሙቀቱ ሲመለስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳል። ስለዚህ ፓምፑ የሚቆመው ሙቀት ሲበዛ ብቻ አይደለም፤ ሙቀት ሲያንስም፣ ማማሰያው ሲቆምም በራሱ እንዲቆም ይታሰራል። ሠራተኛው ሊያልፈው የማይችል መሆን አለበት።

ለዚህ ሪአክሽን ደግሞ ከቴርሞሜትር የተሻለ መስኮት አለ፦ ሃይድሮጅኑ። ሁለት ሞል (ሞል የአቶምና የሞለኪውል ብዛት መለኪያ ነው) ሶዲየም አንድ ሞል ሃይድሮጅን ይሰጣል፤ 46 ኪሎ ሶዲየም በዜሮ ዲግሪና በመደበኛ የአየር ግፊት 22 ሜትር ኩብ ጋዝ ያወጣል። ማስወጫው ቱቦ ላይ የጋዝ መለኪያ ከተተከለ ሪአክሽኑ ስንት በመቶ እንደሄደና በምን ፍጥነት እየሄደ እንደሆነ በየደቂቃው ይነበባል። የገባው ዳይን ብዙ ሆኖ የወጣው ጋዝ ጥቂት ከሆነ እየተጠራቀመ ነው፤ ሙቀቱ ገና ዝም ብሎ ሳለ ይታያል።

አሟሚውን መቀየር፣ ማቀዝቀዣውን ሁለት ማድረግ፣ ሳህኑን ለዚህ እርምጃ በተለየ ጋን ዝቅ አድርጎ ማስተካከል ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ቅደም ተከተሉም ይኸው ነው፤ መጀመሪያ አደጋውን ማሳነስ፣ ከዚያ መግታት፣ በመጨረሻ ማስወጣት። የቲ-ቱን ንድፍ በተመለከተ አማካሪ መሐንዲሶች ስልታዊ የአደጋ ግምገማ (ሃዞፕ የሚባለውን) እንዲደረግ መክረው ነበር፤ ለመደረጉ ግን መርማሪዎቹ ማስረጃ አላገኙም። በሃዞፕ ጠረጴዛ ላይ «የማቀዝቀዣ ውሃ የለም» የሚለው መስመር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

ወደ አሥሩ ደቂቃ እንመለስ። ስልኩ ከተደወለ በኋላ ባለቤቶቹ ደረሱ። አንደኛው ሠራተኞች ከአካባቢው እንዲርቁ ነግሮ ለመርዳት ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ተመለሰ። እሱና ሪአክተሩን የሚቆጣጠረው ሠራተኛ እዚያው ሞቱ፤ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ውጪ የሚሠሩ ሁለት የፋብሪካው ሠራተኞች ከሪአክተሩ አካባቢ እየወጡ ሳለ ሞቱ። የፈሩት እሳትን ነበር፤ ፍንዳታ ይመጣል ብሎ የጠረጠረ ሰው በሪአክተሩ አጠገብ ወዳለ ክፍል አይመለስም። ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በዚህ ዲግሪ ላይ ጥገና መሞከር ይቆማል፣ በዚህ ዲግሪ ላይ ሁሉም ሰው እስከዚህ ርቀት ይወጣል፣ ጎረቤት ድርጅቶች በዚህ ስልክ ይነገራቸዋል። ዲግሪው የሚጻፈው ከመሞከሪያው ቁጥር ነው፤ ማንም ደውሎ ፈቃድ አይጠይቅም።

ሕጉ የት ነበር? የአሜሪካ የፋብሪካ ሂደት ደህንነት ደንብ በዋናነት የሚሠራው በተዘረዘሩ ኬሚካሎች ነው፤ አደጋው ግን ከዝርዝር ሳይሆን ከመገናኘት ይመጣል። ቦርዱ ከቲ-ቱ አምስት ዓመት በፊት፣ በ2002፣ ከ1980 እስከ 2001 የደረሱ 167 ከባድ የሪአክሽን አደጋዎችን አጥንቶ ነበር፤ 108 ሰዎች ሞተውባቸዋል፤ ከግማሽ በላይ የሆኑት በደንቡ ዝርዝር ውስጥ በሌሉ ኬሚካሎች የመጡ ናቸው።

ከቲ-ቱ በኋላ የቦርዱ ምክር ያተኮረው ግን በዩኒቨርሲቲዎች ላይ ነው። በ2006 በአሜሪካ የኬሚካል ምህንድስና ክፍሎች ላይ በተደረገ ጥናት የሂደት ደህንነትን በግዴታ የሚያስተምሩት 11 በመቶ ብቻ ነበሩ። የምህንድስና ፕሮግራሞችን የሚመዝነው ኤቤት ከ2012–13 ዙር ጀምሮ በኬሚካል ምህንድስና መመዘኛው ላይ አንዲት ሐረግ ጨመረ፦ ተማሪው የኬሚካል ሂደቶችን ሲነድፍ፣ ሲተነትንና ሲቆጣጠር ከእነሱ ጋር ያሉትን አደጋዎችም ይጨምራል የምትል።